ኬሚስትሪ ካልሆነ ላለ ልጅ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ

ታላቅ እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። «ልጁ ኬሚስትሪ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ እያለ ነው። አንተ ተምረኸዋል፣ እባክህ ምከረው» አለችኝ። ምከረው ስትል አስጥለው ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት የሆዷን አወጣችው። «ለመሆኑ ብር አለው?»

ልጁን አራት ኪሎ ቀጠርኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ደህና መጥቶለታል። ማኪያቶ አዘዝን። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ኬሚስትሪ፣ ኬሚካል ምህንድስና፣ ፋርማሲ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «መምህርነት?» ብሎ ጨምሯል። እናቱ እንዳታይበት ነው።

«ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?»

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምን ስትሠራ መዋል ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ለእናንተም ላብራራው። የእነዚህ ዲግሪዎች ስም ይቀራረባል። መጀመሪያ ላይ ትምህርቱም ይመሳሰላል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ። ልዩነቱ የሚለየው ከዓመታት በኋላ ነው፣ በተራ የሥራ ቀን። ምሳ ተበልቷል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የሚያጨበጭብላችሁ ሰው የለም። ያን ሰዓት እጃችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው? ቢዩሬት (ጠብታ የሚለካ የላብራቶሪ ቱቦ)? የፋብሪካ ቧንቧ ንድፍ? የሐኪም ማዘዣ? ጠመኔ? እኔ ይህን የማክሰኞ ጥያቄ እለዋለሁ። ሒሳብ ከፍለን ወጣን። ከአራት ኪሎ የተነሳ ሰው አብዛኞቹን አማራጮች በእግሩ ሊያያቸው ይችላል፣ ዳገቱን ከቻለ።

አራት ኪሎ፦ ኬሚስትሪ ራሱ

ከሚያዝያ 27 ሐውልት ብዙም ሳይርቅ ያለው ግቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ጥሩ መሆኑ ብቻውን አያስገባም። የኬሚስትሪ ዲግሪ ፍሬሽማኑን ጨምሮ አራት ዓመት ነው።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ላንሳ። ብዙ ልጆች «እኔ ኦርጋኒክ ነው የምይዘው» ወይም «አናሊቲካል ስፔሻላይዝ አደርጋለሁ» እያሉ ይመጣሉ። በመጀመሪያ ዲግሪ እንዲህ ያለ ነገር ያን ያህል የለም። አናሊቲካል፣ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካል፤ አራቱንም ትወስዳላችሁ። ወደ አንዱ የምታዘነብሉት በምርጫ ኮርሶችና በመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። እውነተኛው ስፔሻላይዜሽን ማስተርስ ላይ ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ለማለፍ 50 ከመቶ ያስፈልጋል። የምትጠሉትን ቅርንጫፍ ሸሽታችሁ የምትመረቁበት ቀዳዳ የለም ማለት ነው።

ያም ሆኖ ዝንባሌያችሁን ቀድማችሁ ብታውቁት ጥሩ ነው። ልጁን ግቢው አጥር ጥግ አቁሜ አራቱን በየተራ ነገርኩት።

አናሊቲካል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እንጀራዬም እሱ ስለሆነ። ሥራው «ምን አለ? ስንት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከቲትሬሽን ይጀምራል፤ ጥንካሬው የታወቀ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ ያልታወቀውን መለካት ነው። ቢዩሬቱ ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ። ከሥሩ ባለው ፍላስክ ውስጥ አሲድ አለ፣ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን የሚባል ቀለም ለዋጭ ጠቋሚ ተጨምሮበታል። አንድ እጅ የቢዩሬቱን መዝጊያ ይይዛል፣ ሌላው ፍላስኩን ያሽከረክራል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሮዝ ብልጭ ይልና ይጠፋል። እንደገና ብልጭ ይልና ይጠፋል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ትወርድና ሮዙ እዚያው ይቀራል። ፈዛዛ፣ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ካላነጠፉ የማይታይ ሮዝ መሆን አለበት። ከደመቀ አልፏችኋል። ትደፋላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ከሀ ትጀምራላችሁ። ሦስት ንባብ እስኪቀራረብ ድረስ እንዲህ ነው። ይህን ሲሰማ «ያሰለቻል» የሚል ሰው አለ። ሳያውቀው ሁለት ሰዓት የሚያልፍበትም አለ። ልጁ ዝም ብሎ እጁን እያሽከረከረ ነበር። ምልክቱን አየሁ፣ አልተናገርኩም።

ይህ የጠብታ ትዕግሥት ከላብራቶሪ፣ እኛ ላብ ከምንለው፣ ውጪ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በመጣ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች። ላኪው ሁሉ ተደናገጠ። እንዲህ ያለውን ነገር የቡና ቀማሽ ምላስ አይፈታውም። ቡናው ይጣፍጣል። ቅሪቱ ግን ከሚሊዮን በአንድ እጅ፣ ከዚያም ባነሰ መጠን የሚለካ ነው። የሚያየው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው፤ የተቀላቀለውን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ። ከመሣሪያው ፊት የተቀመጠው ደግሞ አናሊቲካል ኬሚስት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ የአፍላቶክሲን፣ የሻጋታ መርዝ፣ ነገር ሲጠናም እንዲሁ ነው የሆነው። ተመራማሪዎቹ ከወተቱ ተነስተው ወደ ላሟ መኖ ወረዱ። እዚያ ዋናው ተጠያቂ ሆኖ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ወተት ጠጥታችሁ ስለ ፋጉሎ የምታስቡ ከሆነ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ከእኛ ወገን ናችሁ።

የሥራውን በር በተመለከተም ከአራቱ ሰፊው የአናሊቲካል ነው። የመጠጥ ውሃ፣ ቢራ፣ ሲሚንቶ፣ መድኃኒት ፋብሪካ፣ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር፣ የላኪዎች ምርመራ፤ ሁሉም ናሙና ያስለካል። ሰፊ ነው ማለት ግን ተከፍቶ ይጠብቃችኋል ማለት አይደለም። በሩ ላይ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኦርጋኒክ፣ የካርቦን ውህዶች ኬሚስትሪ፣ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ አገር ላይ ደግሞ ቅመሙ ከዕፅዋት ይመጣል። የእንዶድን ታሪክ ለልጁ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከሚያጥቡበት በታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይገኛሉ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ናቸው። ነገሩን ያስተዋሉት የጥገኛ ተሕዋስያን ሳይንቲስት ናቸው። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን የኦርጋኒክ ኬሚስት ነው። ከፍሬው ውስጥ የትኛው ሞለኪውል ነው የገደላቸው? ፍሬው ይፈጫል፣ በአሟሚ ፈሳሽ ይወጣል፣ ይነጠላል፣ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ይፈተሻል። በመጨረሻ የተገኘው ሳፖኒን፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የዕፅዋት ውህድ፣ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በአራት ኪሎም ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜን የመሳሰሉ ሰዎች ዕድሜያቸውን ለአገራችን ዕፅዋት ኬሚስትሪ ሰጥተዋል። የኦርጋኒክ ማክሰኞ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ክብር የለውም። አሟሚ ፈሳሽ ታተናላችሁ፣ ሳህን ላይ ነጠብጣብ ታያላችሁ፣ አንድ ኪሎ ቅጠል ፈጭታችሁ በጥፍር የምትነሳ ዱቄት ታገኛላችሁ። ያቺን ዱቄት አይታችሁ የምትፈነድቁ ከሆነ ይህ የእናንተ ነው። አለዚያ ሽታው ብቻ ይበቃችኋል።

ኢንኦርጋኒክን ብዙ ሰው የፔሪዮዲክ ቴብል ሽምደዳ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። የስምጥ ሸለቆን ውሃ እስክሰማ ድረስ። እዚያ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ፍሎራይዱን በተቃጠለ አጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ ወይም በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ። የትኛው ማዕድን የትኛውን አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙሌት ያለውን ቅንጣት፣ ይዞ ያስቀራል? ይህ ኢንኦርጋኒክ ነው። ሽምደዳ አይደለም።

ፊዚካልስ? ሒሳብ የምትወዱ ከሆነ ሂዱ፣ የማትወዱ ከሆነ ተዘጋጁ። ብዙ ጓደኞቼን የጣለው ኬሚስትሪው ሳይሆን ውስጡ ያለው ካልኩለስ ነው። ኳንተም ላይ ደርሰን ሰው ሁሉ ጭጭ ሲል ትዝ ይለኛል። ግን ባትሪ፣ የፀሐይ ሴል፣ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ያለው እዚህ ነው። አራት ኪሎ ውስጥ በፖሊመር የፀሐይ ሴል ላይ ለዓመታት ምርምር ተደርጓል። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሞለኪውል የሚያሰላ ኬሚስትም አለ። ጋወን ሳይለብስ ማለት ነው።

አሁን በሩ ላይ ወደሚቀርበው ጥያቄ። የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። መመረቂያ ፕሮጀክት ስንመርጥ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ወሰድኩ። ጽሑፍ ሰብስቤ፣ አሳጥሬ፣ አሳምሬ ጻፍኩ። ጥሩ ግሬድ አመጣልኝ። ላብ የመረጡት ጓደኞቼ እስከ ማታ ናሙና ሲፈጩ እኔ ካፌ ነበርኩ። ከተመረቅሁ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሰውየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ኤችፒኤልሲ ላይ ስንት ናሙና ሠርተሃል?» አለኝ። ፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀለውን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ ነው። «ስለ ኤችፒኤልሲ በደንብ አውቃለሁ» አልኩ። «ታውቃለህ ወይ አላልኩህም። ስንት ናሙና?» አለኝ። ዜሮ። ቦታውን ያገኘችው በግሬድ ከእኔ የምታንስ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። በርበሬ ስትፈጭ የከረመችው።

ስለዚህ የትኛውንም ቅርንጫፍ ምረጡ፣ ፕሮጀክታችሁ ላብ ይሁን። አንድ መሣሪያ በእጃችሁ ልመዱ። ቡና ውስጥ ያለን ካፌይን ዳይክሎሮሜቴን በሚባል አሟሚ አውጥቶ በዩቪ-ቪዚብል ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ናሙናው የሚመጠውን ብርሃን በሚያነብ መሣሪያ፣ መለካት እንኳ ይበቃል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን መጠኑ የታወቀ ብጥብጥ (ስታንዳርድ) ማዘጋጀት፣ በእሱ የመለኪያ (ካሊብሬሽን) መሥመር ማውጣት፣ ስህተትን ማስላት ሁሉ አለበት።

አምስት ኪሎ፦ ያው አረቄ፣ ሌላ ጥያቄ

ዳገቱን ወጣን። አምስት ኪሎ ከብሔራዊ ሙዚየም ሳይርቅ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለ። ኬሚካል ምህንድስና የሚሰጠው እዚህ ነው። አምስት ዓመት ነው፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ኢንተርንሺፕ አለው።

ወላጆች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። «ኬሚካል» የሚለውን ሰምተው ማለት ነው። ልዩነቱን ለልጁ በአረቄ አስረዳሁት። ድፍድፉ እሳት ላይ ነው። እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይጠባጠባል። ኬሚስቱ ጠብታውን ተቀብሎ ይሄዳል። ኤታኖሉ ስንት ነው? በ65 ዲግሪ ገደማ የሚተነው ሜታኖል አለበት ወይ? ካለስ ስንት? መሐንዲሱ ጠብታውን አያይም። እሳቱን፣ መቃውንና ውሃውን ነው የሚያየው። በቀን አሥር ሺህ ሊትር ቢፈለግ ማማው ስንት ሜትር ይሁን? እንፋሎቱ በምን ግፊት ይግባ? የማቀዝቀዣው ውሃ ከየት ይምጣ? አተላው የት ይደፋ?

የመሐንዲሱ ማክሰኞ ስለዚህ ቢከር አይበዛበትም። ሙቀት፣ ፍሰት፣ የገባና የወጣ ሒሳብ፣ ፓምፕ፣ ቫልቭ ነው። ብዙ ጊዜም ከከተማ ውጪ ነው፤ ስኳር ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ፣ ቢራ። ሙገር ወይም ፊንጫ ሄጄ እኖራለሁ ወይ ብላችሁ አስቡበት። አዲስ አበባን ለቅቆ መኖር የማይችል ሰው ይህን ሳያስብ ገብቶ ሲያማርር ብዙ አይቻለሁ።

ሒሳባችሁ ጠንካራ ከሆነና ቶሎ ወደ ፋብሪካ መግባት ከፈለጋችሁ ምህንድስናው ይሻላል። ሞለኪውሉ ራሱ የሚያስገርማችሁ ከሆነ ግን አምስቱ ዓመት ይረዝምባችኋል። አንድ ነገር ደግሞ አስታውሱ። መሐንዲስ ወደ ላብ መውረድ ይችላል፣ አንዳንዱም ያደርገዋል። ኬሚስት ወደ ፋብሪካ ዲዛይን መውጣት ግን ይከብደዋል።

ቂሊንጦ፦ መሐሉ ላይ ያለው

ይህን በእግር አልሄድንም፣ ሩቅ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አቃቂ ቃሊቲ ቂሊንጦ ላይ ነው። ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ይሰጣል። መግቢያ ፈተናም አለው። ስሙ እንደሚለው በኬሚስቱና በመሐንዲሱ መሐል ያለ ነው። ላቡ አለ፣ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ ምርት ይመለሳል። ሳሙና፣ ቀለም፣ ቆዳ፣ ፕላስቲክ፣ የውሃ ማጣሪያ።

የውሃውን ላሳያችሁ። ከተማችን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ውሃ ታገኛለች። ክረምት ሲገባ የግድብ ውሃ ይደፈርሳል። ለማጥራት አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል፤ ይህን ኬሚካል አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ያመርተዋል። ግን ስንት ይጨመር? ትላንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ኬሚስቱ ስድስት ቢከር ይደረድራል። ስድስቱም ውስጥ የዛሬውን ድፍርስ ውሃ ያደርጋል። ለመጀመሪያው ትንሽ፣ ለሁለተኛው ጨመር፣ እያለ እስከ ስድስተኛው። ያማስላል፣ ያቆማል፣ ይጠብቃል። ጭቃው እንደ ጥጥ እየተያያዘ ሲሰጥም ከሁሉ ቀድሞ ኩልል ያለውን ያያል። የዛሬው መጠን እሱ ነው። የብዙ ሰው ቧንቧ የሚወሰነው እንዲህ ቢከር ላይ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ «ጋሼ፣ ይሄማ ፈታ ያለ ሥራ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ቧንቧው ሲደፈርስ የሚሰድበው ማንን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ፋብሪካ የምትወዱ፣ ግን የቧንቧ ንድፍ የማይማርካችሁ ከሆነ ይህ ከሁሉ ይስማማችኋል። ዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ተመራማሪ መሆን ለሚያስብ ግን እኔ የአራት ኪሎውን ሰፊ መሠረት እመርጣለሁ።

ስድስት ኪሎ፦ እማዬ እንዳታይ

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ልጁ ወረቀቱን አውጥቶ የደቃቁን ጽሑፍ አሳየኝ። ማፈሩ ገረመኝ። መምህርነት ከላቡ ቀነስ፣ ከማስተማር ዘዴው ጨመር ያደርጋል። ስድስት ኪሎ የትምህርት ኮሌጁ አለ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ዋና ሥራው ይኸው ነው።

ደመወዙን በተመለከተ እህቴ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፣ አልከራከራትም። ግን እኔ ኬሚስትሪ የገባሁት በመምህር ምክንያት ነው። ትምህርት ቤታችን ላብ አልነበረውም። መምህራችን አንድ ቀን ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለው በጠርሙስ ይዘው መጡ። ሦስት ብርጭቆ ደረደሩ። አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቁበት፣ ሮዝ ሆነ። ሌላው ላይ የአመድ ውሃ ጨመሩበት፣ አረንጓዴ ሆነ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። በማክሰኞ ከሰዓት ሃምሳ ልጅ ማስጮህ የምትችሉ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ሂዱ። የማትችሉ ከሆነ ግን «ሌላ ካጣሁ አስተምራለሁ» አትበሉ። ልጆቹ ያውቁባችኋል።

ጥቁር አንበሳ፦ ፋርማሲ

ታክሲ ይዘን ወረድን። ፋርማሲ በውጤትም ከባድ ነው፣ በዓመትም ከኬሚስትሪ ይረዝማል። ኬሚስትሪ አለበት፤ የመድኃኒት ኬሚስትሪም፣ የዕፅዋት መድኃኒትም ይማራሉ። ግን መሐሉ ላይ የተቀመጠው ሞለኪውል ሳይሆን በሽተኛ ነው። መጠን፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የመድኃኒቶች መጋጨት። ማክሰኞ ከሰዓት መስኮቱ ላይ ልጇን የታቀፈች እናት ቆማለች። ሽሮፑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ሦስተኛ ጊዜ እየጠየቀቻችሁ ነው። አራተኛም ብትጠይቅ በፈገግታ መመለስ አለባችሁ። ሰው የሚያደክማችሁ ከሆነ አትግቡ።

ትልቁ ልዩነት ፈቃዱ ነው። ፋርማሲስት የሙያ ፈቃድ አለው፣ መድኃኒት ቤት ከፍቶ ሊሠራ ይችላል። ኬሚስት ይህን አይችልም፣ ምንም ያህል ኬሚስትሪ ቢያውቅ። መድኃኒት ፋብሪካ ገብቶ ጥራት ሊቆጣጠር ግን ይችላል። «አሁን ኬሚስትሪ ልግባና ኋላ ወደ ፋርማሲ እዞራለሁ» የሚል ልጅ ካለ ይህን ይወቅ፦ መዞር አይደለም፣ ከሀ መጀመር ነው። ፈቃዱን የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ ፋርማሲን አስቀድሙ።

ከኬሚስትሪ በቀላሉ የሚዞርባቸውም አሉ። የምግብ ሳይንስ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ የማቴሪያል ሳይንስ ማስተርስ ኬሚስትን በደስታ ይቀበላሉ። ውጪ አገር ለሚያስቡም አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የኬሚስትሪ ዶክትሬት ተማሪ ብዙ ጊዜ ከኪሱ አይከፍልም። እያስተማረ ወይም ላብ እየሠራ እየተከፈለው ይማራል። ይህን እህቴ ስትሰማ ፊቷ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር።

ሳይመርጡ ለተመደቡ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት መምረጥ ለሚችል ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ «ተመድቤ ነው» የሚል ብዙ ነው። ሕክምና ፈልጎ፣ ሶፍትዌር ፈልጎ፣ እዚህ የወደቀ። ከመካከላችን ጎበዝ የወጡት ታዲያ ሁልጊዜ የመረጡት አልነበሩም። አንዱ ተመድቤ ባይ ጓደኛዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ከላብ አልወጣ አለ። ምን እንደያዘው ስንጠይቀው «መሣሪያው እሺ ይለኛል» አለ። ተመድባችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ዓመት በማኩረፍ አትፍጁት። የምታዘነብሉበትን ቅርንጫፍ ፈልጉ። የምታዘነብሉበት ከሌለም በጊዜ ወደ ሌላ ክፍል መዘዋወር ስለሚቻልበት መንገድ ሬጅስትራርን ጠይቁ።

የምትመርጡ ከሆነ ግን ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ግቢው ድረስ ሂዱ። ብሮሹር አትጠይቁ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና ማኪያቶ ጋብዙት። አንድ ቢዩሬት ለስንት ሰው ነው? ባለፈው ሴሚስተር የትኛውን መሣሪያ በእጅህ ነካህ? ለልምምድ የት ወጣህ? ይህን ጠይቁት። ስለ ዲፓርትመንቱ ታሪክ ቢያወራላችሁ ስሙት፣ ግን ወደ ጥያቄያችሁ መልሱት። ላብ ውስጥ ያለውን ቴክኒሻንም አትርሱ። ከማንም በላይ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት መሣሪያውን የሚከፍተውም እሱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ ለልጁ የትኛውን እንዳልኩት ትጠይቁ ይሆናል። ምንም አላልኩትም። ጥቁር አንበሳ በር ላይ ቆመን ማን ወዴት እንደሚሄድ እያየን ነበር። አንድ ሰው በቃሬዛ ሲገባ ልጁ ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ «ጋሼ፣ ያ ሮዝ ቀለም ለምንድን ነው የሚጠፋው?» አለኝ። ያወራሁለት ጠዋት ነው፣ አራት ኪሎ።

እሁድ ምሳ እህቴ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የተማሪነቴን ጋወን ከሻንጣ ሥር ፈልጌ ይዤለት ነበር። ልጁ ለብሶት መስታወት ፊት ቆመ፣ እጅጌው ትንሽ አጥሮታል። እህቴ ወጡን ትታ መጣች። ደረቱ ላይ ያለውን ጥቁር ነጠብጣብ በጥፍሯ ፈተግ ፈተግ አደረገችው።

«ይሄ ታጥቦ አይለቅም?»

«አይለቅም» አልኳት። «ሲልቨር ናይትሬት ተደፍቶብኝ ነው። ብር ነው።»

ጋወኑን ጠጋ ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«ከኬሚስትሪ ያገኘኸው ብር ይሄ ነው?»